«አባ»፦ የአንዲት አጭር ቃል ታሪክና በወሎ ምድር ያሏት ልዩ ልዩ ፍቺዎች

1. መግቢያ

ከደሴ በስተሰሜን፣ በአምባሰል ምድር፣ ይስማ ንጉሥ በተባለው ስፍራ ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. የተፈረመው የውጫሌ ውል በኢትዮጵያ ታሪክ ውስጥ የታወቀ ነው። የውሉ 17ኛ አንቀጽ በአማርኛው ቅጂ የኢትዮጵያ ንጉሠ ነገሥት ከሌሎች መንግሥታት ጋር ለሚኖራቸው ጉዳይ በኢጣልያ መንግሥት አማካይነት ለመላላክ «ይቻላቸዋል» ሲል፣ በኢጣልያንኛው ቅጂ በዚያው ቦታ «ኮንሰንቴ» የሚል ግሥ ገብቶ ነበር። አንዱ ወገን በውሉ ውስጥ ምርጫን ሲያነብ፣ ሌላው ወገን አስቀድሞ የተሰጠ ስምምነትንና ግዴታን አነበበ። የጦርነቱ ሥረ ምክንያት የቅኝ ግዛት ፍላጎት መሆኑ ባይካድም፣ ነገሩ ወደ ክርክር አደባባይ የወጣው በአንድ ቃል ሁለት ፍቺ በኩል ነው፤ መጨረሻውም የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ዐድዋ ላይ ታየ።

ከዚህ የምንረዳው የቃላት ፍቺ የሰዋስው መምህራን ጉዳይ ብቻ አለመሆኑን ነው። ይሁን እንጂ የውጫሌው ቃል በሁለት ቋንቋ መካከል ብቻ የቆመ ነበር። በዚያው በወሎ ምድር፣ በቤተ ክርስቲያን ቅጥርና በመስጊድ ደጃፍ፣ በጦር ሜዳና በገበሬ ጎጆ፣ በከብት ሐኪም ቤትና በፍርድ ቤት፣ በየጊዜው ልዩ ልዩ ትርጉም እየያዘች ከብዙ ቋንቋዎች ጋር የኖረች ሌላ ቃል አለች። እርሷም በሁለት ፊደል ብቻ የምትጻፈው «አባ» ናት። በዚህች ቃል ምክንያት የተቀሰቀሰ ጦርነት የለም፤ ሆኖም የአንዱን ቋንቋ ፍቺ ብቻ ይዞ የሚያነባት ሰው የአገሩን ታሪክ በከፊል አሳስቶ እንደሚያነብ ከዚህ ቀጥሎ የሚቀርቡት ማስረጃዎች ያመለክታሉ።

2. «አባ» በሴም ቋንቋዎች

በሴም ቋንቋዎች ሁሉ የወላጅ አባት ስም መሠረቱ «አብ» ነው። የጥንቱ አካድኛ «አቡ»፣ ዕብራይስጥና ግዕዝ «አብ»፣ ዐረብኛም «አብ» ይላሉ። በግዕዝ ብዙው «አበው» ሲሆን፣ «አቡነ» ማለት «አባታችን» ማለት ነው። አራማይስጥ ግን ከዚሁ ሥር «አባ» የሚለውን መጠሪያ አወጣ። ይህ ቃል በግሪክኛ በተጻፈው አዲስ ኪዳን ውስጥ ሳይተረጐም በሦስት ቦታዎች፣ ማለትም በማርቆስ ወንጌል፣ በሮሜና በገላትያ መልእክታት ውስጥ ይገኛል። ከዚያም በግብፅና በሶርያ በረሃዎች መነኮሳት መንፈሳዊ አባታቸውን የሚጠሩበት ስም ሆነ። ግብፃውያን በቅብጥ «አፓ» ሲሉ፣ ላቲኖች «አባስ» አሉ፤ ከላቲኑም የኢጣልያንኛው «አባቴ»፣ የፈረንሳይኛው «አቤ» እና የእንግሊዝኛው «አቦት» ተወለዱ። ሦስቱም በመነሻቸው የገዳም አለቃን የሚያመለክቱ ሲሆኑ፣ ፈረንሳይኛው ከጊዜ በኋላ ለማንኛውም የካቶሊክ ካህን መጠሪያ እስከ መሆን ሰፋ።

ወደ ኢትዮጵያ የገባውም ይኸው የገዳም ልማድ ነው። በ4ኛው መቶ ዓመት የአክሱም ጳጳስ የሆነው ፍሬምናጦስ «አባ ሰላማ» ተባለ፤ ከእርሱ በኋላ የመጡት ቅዱሳንም አባ ጰንጠሌዎን፣ አባ ገሪማ፣ አባ አፍጼ እየተባሉ ተጠሩ። በሥርዓቱም ውስጥ ደረጃ ተለየ፤ «አቡን» ለጳጳሱ፣ «አባ» ለመነኩሴውና ለካህኑ ሆነ። የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሊቀ ጳጳስ አቡነ ባስልዮስ በ1943 ዓ.ም. እስከ ተሾሙበት ጊዜ ድረስ ሊቀ ጳጳሱ ከእስክንድርያ የሚላክ ግብፃዊ ስለ ነበር፣ «አቡን» የሚለው ማዕርግ ለረጅም ዘመን የውጭ አገር ሰው ሲይዘው፣ «አባ» ግን የአገሬው መነኩሴ ስም ሆኖ ኖረ።

ለዚህ ትርጉም የወሎ ዋነኛ ምስክር ከደሴ በስተሰሜን የሚገኘው የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም ነው። አባ ኢየሱስ ሞዐ በ13ኛው መቶ ዓመት አጋማሽ ከደብረ ዳሞ መጥተው በዚያ ያቋቋሙት የትምህርት ማዕከል ብዙ መነኮሳትን አስተምሮ ወደ ልዩ ልዩ አገር አሰማራ። እ.ኤ.አ. በ1280 ገደማ ለገዳሙ የተጻፈው የወንጌል መጽሐፍም የዚያ ዘመን የጽሕፈት ሥራ ምን ያህል እንደ ደረሰ ያሳያል። በሐይቅ «አባ» ማለት ወላጅ ማለት አልነበረም፤ ሥጋዊ ልጅ ሳይኖረው በትምህርት ልጆችን ያፈራ መምህር ማለት ነበር። ይህ ፍቺ ለዛሬው መምህር ሩቅ አይደለም።

ዐረብኛ ደግሞ ይህንኑ ሥር በሌላ መንገድ ይዞ ወደ ወሎ ገባ። በዐረቦች ልማድ ሰው በበኵር ልጁ ስም «የእገሌ አባት» ተብሎ መጠራቱ የክብር ስም ነው። ቃሉም በሰዋስው ሥርዓት ይለዋወጣል፤ ባለቤት ሲሆን «አቡ»፣ ተሳቢ ሲሆን «አባ»፣ ከመስተዋድድ በኋላ «አቢ» ይሆናል። እንደ ገታና ጀማ ንጉሥ ባሉት ስመ ጥር የወሎ የእስልምና ትምህርት ማዕከሎች የዐረብኛ ሰዋስው ለተማረ ደረሳ «አባ» የማዕርግ ስም ሳትሆን የሙያ ለውጥ ያገኘች የ«አቡ» ቅርጽ ናት። ከዚህም በላይ ዐረብኛው «አቡ» ወላጅነትን ትቶ ባለቤትነትንና መለያን እስከ መግለጥ ይደርሳል። የግብፁ ታላቅ የድንጋይ ሐውልት «አቡል ሆል» ሲባል «የአስፈሪነት አባት» ማለት ነው፤ «አቡ ዳቢ» የሚለው የከተማ ስምም በቃሉ «የሚዳቋ አባት» ማለት ይሆናል። አንድም የሚዳቋ አባት የለም፤ ሚዳቋ የሚበዛበት ስፍራ ለማለት ነው።

3. «አባ» በኩሽ ቋንቋዎች

ከኮምቦልቻ በስተደቡብ ወደ ከሚሴ፣ በስተምሥራቅም ወደ አፋር ቆላ ሲወረድ ቃሉ እንደ ገና ይሰማል። በአፋርኛ «አባ» ወላጅ አባት ነው። በኦሮምኛም እንዲሁ ነው፤ ነገር ግን በኦሮምኛ ቃሉ ከወላጅነት ይልቅ የበለጠ ሥራ የሚሠራው በባለቤትነትና በኀላፊነት ትርጉሙ ነው። «አባ ገዳ» የገዳው ሥርዓት መሪ፣ «አባ ቦኩ» የሥልጣን በትር ያዥ፣ «አባ ዱላ» የዘመቻ አዛዥ፣ «አባ ላፋ» የመሬት ባለቤት ነው። በዘመናችንም ቋንቋው አዲስ የመንግሥት ሥራ ሲገጥመው ወደዚችው ቃል ተመለሰ፤ ዐቃቤ ሕግ በኦሮምኛ «አባ አለንጋ» ሲባል፣ በቃሉ «ባለ አለንጋ» እንደ ማለት ነው። የገዳ ሥርዓት እ.ኤ.አ. በ2016 በዩኔስኮ የዓለም የማይዳሰስ ቅርስ መዝገብ ውስጥ ሲገባ፣ «አባ ገዳ» የሚለው መጠሪያም ከአገር ውጭ ታወቀ።

ሶማልኛም በዚሁ ረድፍ ይቆማል። አባት «አቤ» ሲሆን፣ በቀድሞ ዘመን የሲራራ ነጋዴዎችን ከባሕር ጠረፍ ወደ መሐል አገር እየመራና እየጠበቀ የሚያደርሰው ሰው «አባን» ይባል ነበር። የጦር አዛዥም «አባንዱሌ» ነው፤ ከኦሮምኛው «አባ ዱላ» ጋር ያለው ዝምድና ሲሰሙት የሚታወቅ ነው። በአንጻሩ ሐረሪ፣ የሴም ቋንቋ ሲሆን፣ ለአባትም ለተከበረ ወሊይም «አው» የሚል ሌላ ቃል ይጠቀማል። ስለዚህ «የሴም ቋንቋ እንዲህ ይላል፤ የኩሽ ቋንቋ እንዲያ ይላል» ተብሎ በአንድ መስመር ሊከፈል አይችልም።

እዚህ ላይ አንድ መነጻጸር ጠቃሚ ነው። አማርኛ ባለቤትነትን የሚገልጠው በአባት ስም ሳይሆን በባል ስም ነው፤ ባለ መሬት፣ ባለ ሱቅ፣ ባለ እጅ ይላል። «ባለቤት» የሚለው ቃልም የንብረት ጌታን፣ የትዳር ጓደኛንና በሰዋስው የዐረፍተ ነገሩን ባለቤት በአንድነት ያመለክታል። ኦሮምኛ «አባት» ብሎ የሚገልጠውን አማርኛ «ባል» ብሎ ይገልጠዋል። ሁለቱም የቤተ ሰብን ዝምድና የንብረትና የሥልጣን መለኪያ አድርገው ተጠቅመዋል፤ የመረጡት ዘመድ ግን የተለያየ ነው።

4. የፈረስ ስም በወሎ ታሪክ

የ«አባ» ልዩ ልዩ ፍቺዎች ይበልጥ የሚደባለቁት በ19ኛው መቶ ዓመት ታሪክ ውስጥ ነው። በዚያ ዘመን መሳፍንትና የጦር አለቆች በሚጋልቡት ፈረስ ስም «አባ እገሌ» እየተባሉ ይጠሩ ነበር። ዐፄ ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፣ ዐፄ ዮሐንስ አባ በዝብዝ፣ ዐፄ ምኒልክ አባ ዳኘው፣ ራስ አሉላ አባ ነጋ፣ ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ አባ መላ ይባላሉ። በዚህ አጠራር «አባ» የመነኩሴ ማዕርግም፣ የወላጅ ስምም አይደለም፤ «የዚህ ፈረስ ጌታ» ማለት ነው። ፍቺው ከላይ ከተገለጠው የኦሮምኛ የባለቤትነት ትርጉም ጋር ይገጥማል። በጊቤ ነገሥታት ዘንድም ልማዱ የጸና ሲሆን፣ የጅማው ንጉሥ አባ ጅፋር በዓለም የታወቁት በዚሁ ስም ነው።

የፈረሱ ስም ራሱ የጌታውን ምኞት ወይም ግብር ይናገራል። ታጠቅ፣ በዝብዝ፣ ጠቅል የሚሉት ትእዛዝ አንቀጾች ናቸው፤ ነጋ፣ ዳኘው፣ ዋጠው የሚሉት ደግሞ የተፈጸመ ድርጊትን ያመለክታሉ። ብላቴን ጌታ ማኅተመ ሥላሴ ወልደ መስቀል እ.ኤ.አ. በ1969 በኢትዮጵያ ጥናት መጽሔት ላይ ስለ ፈረስ ስም ባሕል ያወጡት ጥናት ለዚህ ጉዳይ መነሻ ሆኖ ያገለግላል።

ይህ በወሎ ታሪክ ላይ ያለው ዋጋ ከፍ ያለ ነው። ከደሴ አጠገብ ቦሩ ሜዳ ላይ በ1870 ዓ.ም. ዐፄ ዮሐንስ በጠሩት ጉባኤ ጊዜ ሁለት የወሎ መሳፍንት ክርስትና ተነሡ። አንደኛው ኢማም መሐመድ ዓሊ ሲሆኑ ሚካኤል ተባሉ፤ ሁለተኛው ኢማም አመዴ ሊበን ሲሆኑ ኃይለ ማርያም ተባሉ። የመጀመሪያው የፈረስ ስም አባ ሻንቆ፣ የሁለተኛው አባ ዋጠው ነበር። ሚካኤል በ1906 ዓ.ም. ደሴ ላይ ንጉሥ ተብለው ዘውድ የጫኑት፣ በደሴም የአይጠየፍ አዳራሽን ያሠሩት ናቸው፤ ልጃቸው ልጅ ኢያሱም በፈረስ ስማቸው አባ ጤና ይባሉ ነበር።

«አባ» የሚለውን ቃል ከቤተ ክርስቲያን ብቻ የተማረ አንባቢ «ኢማም አመዴ አባ ዋጠው» የሚል ጽሑፍ ሲያገኝ ግራ ይጋባል፤ ኢማም እንዴት «አባ» ይባላል? ብሎ ይጠይቃል። ስሙ የተሰጠው ከጥምቀት በኋላ ነው ብሎ ቢደመድምም ስሕተት ይሆናል። ከዐረብኛ የተነሣ አንባቢ በበኩሉ «ሻንቆ» ወይም «ዋጠው» የልጅ ስም ይመስለዋል፤ በዘር ሐረግ ውስጥም የሌለ ልጅ ይጨምራል። ኦሮምኛ የሚያውቅ ገበሬ ግን ጌትነትን የሚያመለክት ስም መሆኑን ሳይጠይቅ ይረዳዋል። የወሎ መሳፍንት በሦስት ቋንቋና በሁለት ሃይማኖት መካከል የኖሩ ስለሆኑ፣ ስማቸውን ለማንበብ የሚያስፈልገውም ከአንድ ቋንቋ በላይ ነው።

5. «አባወራ»፦ የመዝገብ ቃል

ዕቅድ አውጪዎች ዘወትር ከሚጠቀሙባቸው ቃላት አንዱ «አባወራ» ነው። የግብር መዝገብ፣ የቀበሌ ዝርዝር፣ የእርዳታ እህል አከፋፈል ሁሉ በዚህ ቃል ሲቆጠር ኖሯል። ቃሉ አማርኛ ቢመስልም ከኦሮምኛው «አባ ወራ» ጋር አንድ ነው። «ወራ» በኦሮምኛ የቤት ሰው፣ ቤተ ሰብ፣ ወገን ማለት ሲሆን፣ «አባ ወራ» የቤቱ ኀላፊ፣ እንዲሁም ባል ማለት ነው። ይኸው «ወራ» በወሎ ካርታ ላይ ወረኢሉ፣ ወረሂመኖ፣ ወረባቦ በሚሉት የአገር ስሞች መነሻ ላይ ይታያል። አገሩን የሚጠራው ቃልና ጎጆውን የሚቆጥረው ቃል ከአንድ ምንጭ የተቀዱ ናቸው።

አማርኛ ቃሉን ከተዋሰ በኋላ ዝም ብሎ አልተቀመጠም፤ «አባ» የሚለውን አውጥቶ «እማ» የሚለውን በመተካት «እማወራ» የሚል አዲስ ቃል ፈጠረ። ይህም ባል የሞተባት፣ የፈታች ወይም ባሏ ርቆ የሄደ ሴት ቤቱን ስታስተዳድር በመዝገብ የምትገባበት ስም ነው። የዚህ ቃል መፈጠር የሰዋስው ጌጥ አይደለም። በመዝገቡ ዓምድ ራስ ላይ «አባወራ» ብቻ ከተጻፈ በሴት የሚተዳደረው ጎጆ ወይ በሌላ ሰው ስም ይገባል፣ ወይም ጨርሶ ይቀራል፤ እህሉና መሬቱም መዝገቡን ይከተላል። በአማራ ክልል በ1990ዎቹ ዓ.ም. በተጀመረው የገጠር መሬት ምዝገባ የባልና የሚስት ስም በአንድነት እንዲጻፍ መደረጉ፣ በአንዲት ቃል ውስጥ የተሸሸገውን የባለቤትነት ጥያቄ በሕግ መንገድ ያነሣ እርምጃ ነው።

ከመዝገብ ውጭም ቃሉ እየረባ ሄዷል። ጠጉራሙ ትል አባጨጓሬ፣ ከብትን የሚፈጁት በሽታዎች አባሰንጋና አባጎርባ ይባላሉ። ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ደግሞ በየመንገዱ የሚመላለስ አንድ ዓይነት ሚኒባስ «አባዱላ» ተብሏል። የዘመቻ አዛዡ ማዕርግ በሰው ስም በኩል አልፎ የመኪና መጠሪያ እስከ መሆን ደርሷል።

6. ድምፁ አንድ፣ ሥሩ ሌላ

የተመሳሰለ ድምፅ ሁሉ ዝምድና አይደለም። ትግርኛ «ኣብ ደሴ» ሲል «ደሴ ውስጥ፣ በደሴ» ማለቱ ነው፤ አባትን የሚጠራው «ኣቦ» ብሎ ነው። በላቲን «አብ» ማለት «ከ» እንደሚለው ያለ መስተዋድድ ሲሆን፣ በፋርስኛ «አብ» ውሃ ነው፤ ፑንጃብ የተባለው አገር ስሙን ያገኘው ከአምስት ወንዞች የተነሣ «አምስት ውሃ» በመባል ነው። በቱርክኛ «አባ» ወፍራም የሱፍ ልብስ፣ በጋና አገር በፋንቴ ሕዝብ ዘንድ ሐሙስ ቀን የተወለደች ሴት ልጅ ስም ነው። ዐረብኛም ካባን «ዐባ» ይለዋል፤ ነገር ግን ይህ በ«ዐ» የሚጀምር ሌላ ሥር ነው። አማርኛ የ«አ»ንና የ«ዐ»ን ድምፅ አንድ ስላደረገ ልዩነቱ በጆሮ አይለይም። በዚሁ ምክንያት ወንዙን «ዓባይ»፣ ሐሰተኛውን «አባይ» ብሎ በፊደል መለየት የጠንቃቃ ጸሐፊዎች ልማድ ሆኗል።

በሌላ በኩል በዘር ፈጽሞ የማይገናኙ ቋንቋዎች ለአባት ተመሳሳይ ስም ሲሰጡ ይገኛሉ። በታሚልኛ «አፓ»፣ በኮርያኛም «አፓ» አባት ነው። የቋንቋ ሊቁ ሮማን ያኮብሰን እ.ኤ.አ. በ1960 ባወጣው ጽሑፍ የዚህን ምክንያት ያስረዳው በሕፃናት አፍ ነው። ሕፃን በመጀመሪያ የሚቀናው ከንፈርን ገጥሞ በመክፈት የሚወጡት «ም»፣ «ብ»፣ «ፕ» ከ«አ» ድምፅ ጋር ሲሆኑ፣ ወላጆች እነዚህን ድምፆች ለራሳቸው ስም አድርገው ይቀበላሉ። የትኛው ድምፅ ለማን እንደሚሰጥ ግን ሕዝቡ ይወስናል፤ በጆርጂያ ቋንቋ «ማማ» አባት ነው፣ እናት «ዴዳ» ትባላለች። ከግሪክ ወደ ግዕዝ የገባው «ጳጳስ» የሚለው ከፍተኛ ማዕርግ እንኳ መነሻው ግሪካዊ ሕፃን አባቱን የሚጠራበት ቃል ነው። ስለዚህ ሁለት ቋንቋዎች «አባ» ስላሉ ብቻ አንዱ ከሌላው ተዋሰ ማለት አይቻልም፤ መዋስን የሚያስረዳው እንደ «አባወራ» ያለ ሁለት ክፍል ያለው፣ ሁለቱም ክፍሎች የሚገጥሙለት ቃል ነው።

7. ለትምህርት ያለው ጠቀሜታ

የአገሪቱ ትምህርት ይህን ጉዳይ ከጥቂት ጊዜ ወዲህ በቅርብ ገጥሞታል። በሐምሌ ወር 1971 ዓ.ም. የተጀመረው ብሔራዊ የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ 15 የአገሪቱን ቋንቋዎች በኢትዮጵያ ፊደል አስተማረ። እ.ኤ.አ. ከ1991 ወዲህ ኦሮምኛ በላቲን ፊደል ሲጻፍ፣ የ1986 ዓ.ም. የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ደግሞ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት በአፍ መፍቻ ቋንቋ እንዲሰጥ ደነገገ። ከዚህ የተነሣ ኮምቦልቻ ላይ ልጅ «አባ» ብሎ በሁለት ፊደል ሲጽፍ፣ ከሚሴ ላይ እኩያው በኦሮምኛ ያንኑ ቃል «ብ»ን ደግሞ የመጨረሻውንም አናባቢ አስረዝሞ በአምስት ፊደል ይጽፋል። በአማርኛውም «ብ» ጠብቆ ይነበባል፤ ፊደሉ ግን ጥብቀትን አያሳይም። ሁለቱ ልጆች በአንድ ገበያ ሲገናኙ ቃሉን በድምፅ ይግባቡበታል፤ በጽሑፍ ግን አንድ መሆኑን የሚያሳያቸው መምህር ያስፈልጋቸዋል።

ለዚህ ሥራ ሦስት ጥያቄዎች በቂ መነሻ ናቸው። አንደኛ፣ ቃሉ የተነገረው በየትኛው ቋንቋ ነው? ሁለተኛ፣ ከ«አባ» ቀጥሎ የመጣው ምንድን ነው? የመነኩሴ ስም ከሆነ ማዕርግ ነው፤ የፈረስ ስም ከሆነ ጌትነት ነው፤ የሥራ ወይም የንብረት ስም ከሆነ ኀላፊነት ነው። ሦስተኛ፣ የተጻፈው በየትኛው ፊደል ነው፤ ይጠብቃል ወይስ ይላላል? የደሴና የኮምቦልቻ ተማሪዎች ከየቤታቸው ሽማግሌዎች «አባ» ያለባቸውን ቃላት ሰብስበው በእነዚህ ጥያቄዎች ቢለዩ፣ የቋንቋና የታሪክ ትምህርት በአንድ ደብተር ይገናኛል። የደስታ ተክለ ወልድ የ1962 ዓ.ም. የአማርኛ መዝገበ ቃላት ካለበት ቤተ መጻሕፍት ደግሞ ያገኙትን ከመጽሐፉ ጋር ሊያስተያዩ ይችላሉ።

8. ማጠቃለያ

ከላይ እንደተመለከተው «አባ» በሐይቅ መምህር፣ በገታ የሰዋስው ቅርጽ፣ በቦሩ ሜዳ የፈረስ ጌታ፣ በከሚሴ ባለቤትና ሹም፣ በቀበሌ መዝገብ የጎጆ ኀላፊ ናት። ከእነዚህ አንዱ ትክክል፣ ሌላው ስሕተት አይደለም፤ ስሕተት የሚሆነው አንዱን ፍቺ በሌላው ስፍራ ማንበብ ነው። የውጫሌው ግሥ ያስከተለውን ሁሉም ያስታውሳል። «አባ» በአንጻሩ ክርስቲያኑና እስላሙ፣ አማርኛ ተናጋሪውና ኦሮምኛ ተናጋሪው እያንዳንዱ የራሱን ትርጉም ይዞ የሌላውን ሳይነፍግ ለብዙ መቶ ዓመታት በጋራ የተጠቀመባት ቃል ናት። ተማሪው ይህን አውቆ ከተነሣ የወሎን የታሪክ መጽሐፍ ሲገልጥ «ኢማም አመዴ አባ ዋጠው» የሚለው ስም እንግዳ አይሆንበትም፤ ዕቅድ አውጪውም የመዝገቡን ዓምድ ሲያሰምር «አባወራ» ከሚለው አጠገብ ማን እንደ ቀረ ለመጠየቅ ይችላል።